ስለ ቀጤማውና ስለ ሁለቱ ድስቶች

ይህ ጽሑፍ በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን፥ በቤት ስሟ ጥሩዬ ለምትባለው፥ ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አብራኝ ለኖረች ባለቤቴ የተጻፈ ነው። ጥሩዬ ሆይ፥ ሌላ ሰው ሁሉ በሚያነበው መንገድ የጻፍሁልሽ ስለ ቀጤማው የገሠጽሁሽ በሰው ፊት ስለ ነበረ ነው። በአደባባይ የፈረደ ሰው በጓዳ ቢጸጸት ፍርዱ እንዳለ ይቀራል።

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። የሄድሽው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ስለ ነበር ሙት ዓመትሽም በጾም ውሎ በንፍሮና በሽሮ ተዘከረ። ፋሲካን ቢጠብቁ ሥጋ እንበላ ነበር ብሎ ያጕረመረመ ዘመድ መኖሩን ሰምቼ ተጸየፍሁት። ቤቱ እንደ ተውሽው አይደለም። በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤታችን ባለ አራት ፎቅ አቁሞ የጠዋቱን ፀሐይ ወስዶብኛል። ዳዊት የምደግምበትን ወንበር ወደ ምዕራቡ መስኮት ባዞረው፥ በዚያ በኩል ደግሞ የዓባይ ማዶ ባጃጅ ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋብኛል። የቅኔ ተማሪዎቼ ከሰባት ወደ ሦስት ወርደዋል። ልብስ ታጥብልን የነበረችው ብርቄ አሁን ወጡንም እርሷ ትሠራልኛለች። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ድስት ብቻ ይጣዳል።

በሐይቁ ዳር ዐሥራ አራት ቤተሰቦች በማኅበር ከተካፈሉት መሬት ለአንቺ የደረሰሽን የጎመንና የቆስጣ መደብ ግን ዓመቱን ሙሉ አልረገጥሁትም። ከኀዘን የተነሣ ነው እል ነበር። እውነቱ ዶማ መያዝ ከማዕረጌ በታች ስለ መሰለኝ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ የማኅበሩ ሰብሳቢ ደምሴ፥ ያ ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ ከመደብሽ አጠገብ ሽንኵርት የሚተክለው፥ ወደ ቤት መጣ። በደንባቸው መሠረት ሰኔ ሳይገባ ያልታረመ መደብ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። «የኔታ፥ ያርሙታል ወይስ መርቀው ያስረክቡናል?» አለኝ። አርመዋለሁ አልሁት። በእጅሽ የለሰለሰ አፈር ለማላውቀው ሰው ሲሰጥ ቆሜ ማየት አልሆነልኝም።

በማግስቱ ሄጄ ያየሁትን ሳልሸሽግ ልንገርሽ። ሙጃው ከጉልበቴ በላይ ነው። ሰርዶው መንገዱንና መደቡን አንድ አድርጎታል። አእምሮ የሚያስተው አስተናግር ነጭ አበባውን ዘርግቶ እንደ ባለርስት ቆሟል። ከሐይቁ የተጎተተው እምቦጭ በዳሩ ተከምሮ ይሸታል። ይህን ሁሉ ታገሥሁት። ወደ ብስባሽ ጕድጓድሽ ስደርስ ግን ነጠላዬን በአፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ቆምሁ።

አንቺ ያንን ጕድጓድ እንዴት ትይዥው እንደ ነበር አስታውሳለሁ። አረሙን፥ እበቱን፥ አመዱን፥ አፈሩን በተራ ታነጥፊና በኮባ ቅጠል ትሸፍኚዋለሽ። በመካከሉ ዘንግ ትሰኪና በየማለዳው መዝዘሽ ሙቀቱን በመዳፍሽ ትለኪ ነበር፤ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደምትዳብሺ ያህል። አሁን የሕፃን ዳይፐር እስከነ ጉዱ ተጠቅልሎ ተጥሎበታል። የጫት ገረባ፥ የፕላስቲክ ጠርሙስ፥ የዶሮ አንጀት በፌስታል፥ ከሥሩም የሞተ ድመት አለ። ትሉ በላዩ ይርመሰመሳል። ቤቴ ደርሼ ሁለት ጊዜ ታጠብሁ፤ የዚያን ቀን እህል አልቀመስሁም።

በእሑዱ የማኅበሩ ስብሰባ ተነሥቼ ተናገርሁ። ሰው የሚበላበትን መሬት የሚያረክስ ከእንስሳ ያንሳል፤ እንስሳ እንኳ ማደሪያውን ያውቃል አልሁ። ረዥም ተናገርሁ፤ ምሳሌም ሰጠሁ፤ ማንም አልመለሰልኝም። ፈርተው ዝም ያሉ መሰለኝና ደስ አለኝ። ደምሴ ብቻ፥ «መልካም ነው የኔታ። ሲመጡ ጓንት አይርሱ» አለ።

ሰኞ ጀመርሁ። ሰርዶውን በዶማ ከታትፌ ከታትፌ አፈሩን አለበስሁትና መደቡ ጥቁር ሆኖ ሳየው በራሴ ኰራሁ። በዐሥረኛው ቀን እያንዳንዱ ቍራጭ በቅሎ ተገኘ። ደምሴ ከሽንኵርቱ መካከል ቀና ብሎ፥ «አይ የኔታ፥ ሰርዶ ዘሩ እንዴ? ደግሞ በመስመር!» ብሎ ሣቀ፤ አጠገቡ የነበሩትም ሣቁ። ያን ጊዜ ነው የአንቺ ሥራ ትዝ ያለኝ። ሥሩን አንድ በአንድ በጣትሽ እየተከተልሽ መዝዘሽ፥ ድንጋይ ላይ አስጥተሽ፥ ሦስት ቀን ካልደረቀ ወደ ጕድጓዱ አትጥዪውም ነበር። እኔ በመንገድ ሳልፍ እያየሁ ሥራ የፈታች ሴት ጨዋታ ነው እል ነበር። ተንበርክኬ እንደ አንቺ መዘዝሁት። ጸናጽል የለመደ እጅ አፈር ሲይዝ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ያወቅሁት በስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ጕድጓዱን ማውጣት ነበረብኝ። ድመቱን ቀበርሁ፤ ዳይፐሩን በጆንያ ሞላሁ። ወደ መካከሉ ስደርስ በፌስታል የታሰረ ቆሻሻ አገኘሁና ባለቤቱን ለማወቅ ፈታሁት። ማን እንደ ሆነ ባውቅ ስሙን በስብሰባ ልጠራ አስቤ ነበር። የደም ግፊት ክኒን ማሸጊያ ወጣ። ከመድኃኒት ቤት የተሰጠበት ወረቀትም ነበረ፤ በላዩ ላይ የእኔ ስም ከነማዕረጌ ተጽፎበታል።

ለካ የቤታችንን ቆሻሻ ከደጅ እንድታነሣልኝ ለብርቄ እሰጣታለሁ እንጂ ወዴት እንደምትጥለው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እርሷን አልገሠጽኋትም፤ የት ጣዪው ብያት ነበርና? በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቱን ይዤ ቆምሁና፥ ከእንስሳ ያነሰው ሰው እኔ ነኝ አልሁ። ደምሴ ጕሮሮውን ጠርጎ፥ «የኔታ፥ እኛማ ቀድመን አይተነዋል። እኔ በአፈር ብሸፍነው ዝናብ እየገለጠው አስቸገረኝ» አለ። ያን የመጀመሪያውን ቀን ለምን ዝም እንዳሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ለድመቱ ከተሰማኝ ጥላቻ ይልቅ በገዛ ምላሴ ላይ የተሰማኝ በለጠ።

ጕድጓዱ ባዶ ሆነ። የደረቀውን አረም፥ እበቱንና አመዱን ለአዲሱ ብስባሽ አሰባሰብሁ። ደምሴ ግን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «የጥሩዬ ብስባሽ እናቱ ቀጤማው ነበር» አለኝ። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል።

ጥሩዬ፥ ያን ቀን አንቺም አልረሳሽውም። በሐምሌው የደብራችን ክብረ በዓል ማግስት፥ በቅኔ ማኅሌት ተነጥፎ የተጠረገውን ቀጤማ በጆንያ አዝለሽ ከበሩ ስትወጪ አገኘሁሽ። የማኅበር ሴቶች ቆመዋል፤ ተማሪዎቼም ነበሩ። «የተቀደሰውን ከከብት እበት ጋር ልታበሰብሺው ነውን? አራግፊው» አልሁሽ። አራገፍሽው። ከሣሩ ጋር ያቀረቀርሽው ፊትሽ እስከ ዛሬ ይታየኛል። በዚያም ሳላበቃ፥ ከዚያ መሬት የበቀለ ወደ አፌ አይገባም ብዬ ማልሁ። በዚያው ዓመት ፍልሰታ ያቀረብሽልኝን ጎመን ገፋሁት። ከዚያ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ድስት ጣድሽ፤ ለእኔ ከገበያ የተገዛ፥ ለአንቺ ከመደብሽ የተቀጠፈ። በሌላው ሁሉ ስትታዘዥኝ ቀጤማውን ብቻ አልተውሽም፤ እኔ ጉባኤ ላይ ስቀመጥ ጠብቀሽ ትወስጂ ነበር። አውቅ ነበር። እልኸኛ ናት እል ነበር።

ለመሆኑ መጽሐፍ ጠቅሼልሽ ነበርን? አልጠቀስሁም። ከሞትሽ በኋላ ይህን የሚከለክል ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። የተቈጣሁት ለሥርዐቱ ቀንቼ ነው እያልሁ ስጠብቅ የኖርሁት እኔው የሠራሁትን ሕግ ነው።

ባለፈው ዓርብ፥ በዕርገት ማግስት፥ ያልተወሰደው ቀጤማ የት እንደሚደርስ ለማየት ከደብሩ ቅጥር በስተኋላ ወዳለው ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ስንት ዓመት አፍንጫዬን ሸፍኜ ያለፍሁበት ስፍራ ነው። ቀጤማው ከፌስታልና ከጧፍ ማሸጊያ ጋር ተቀላቅሎ ተከምሯል። መንገደኛ ሽንቱን ይሸናበታል። ፍየሎች ይረግጡታል፤ ግማሹ ተቃጥሎ ይጨሳል። ከእጅሽ ያስጣልሁሽን ሣር ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ እንዳይደርስ ስትታደጊው ነበር። ከትልም ከጥንብም ይልቅ የከረፋኝ የገዛ ቅድስናዬ ነው።

በዚያው ጆንያ ፈልጌ ወደ በሩ ተመለስሁ። ቅጥሩን የሚጠርጉትን እማሆይ አጸደን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ዓርብ ዕለትም መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ገና የተጠረገውን ክምር ከፊታቸው አየሁና፥ ልወስደው እንደ መጣሁ፥ ግን አስቀድሜ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ እንደምጠይቅ ነገርኋቸው።

እርሳቸው የመለሱልኝን ከመጻፌ በፊት የእኔን ቃል ላስቀምጥ። መደቡ ታርሟል፤ ደምሴ በመዝገቡ ላይ ያንቺን ስም እንዳለ ትቶታል፤ እኔም እንዲለወጥ አልፈቅድም። ስምሽን በጸሎት ብቻ አላነሣም፤ በየማለዳው ዘንጉን መዝዤ በመዳፌ ስለካ አስብሻለሁ። የመጀመሪያው ጎመን ሲደርስ በአንዱ ድስት ይበስላል፤ ያን ጊዜ መሐላዬን አፈርሳለሁ፤ ለንስሓ አባቴም ነግሬያለሁ። ለአንቺ የተረፈኝ ይህ ብቻ ነው።

እማሆይ ግን ፈቃድ የሚለውን ሲሰሙ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሣቁ። ፈቃዱማ ከተሰጠ ቆየ አሉኝ። አንቺ ገና የመጀመሪያውን ጆንያ ሳትሞዪ ነፍሳቸውን ይማርና ወደ ቀድሞው የደብሩ አለቃ ቀርበሽ ጠይቀሽ ኖሯል። እርሳቸውም ከሚረገጥ ጎመን ያብቅል፤ ለመነኮሳይያቱም አካፍዪ ብለው ባርከውሻል። በየዓርቡ ያንን እኔ የገፋሁትን ጎመን ተሸክመሽ ታመጪላቸው ኖሯል። በሰው ፊት አራግፊ ባልሁሽ ቀን አንዲት ቃል ብትናገሪ የሚያፍረው እኔ ነበርሁ። እጄ ጆንያውን እንደያዘ፥ ታዲያ ለምን አልነገረችኝም ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቅስ ሳዛባ የማታውቂኝ ነሽና፥ ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

«እኔም ንገሪው ብያት ነበር። ቢቈጣኝ ይሻለኛል፤ ካፈረ ግን ቅኔ ማኅሌት መቆሙን ይተዋል አለችኝ። ይልቅ ጆንያውን ይክፈቱት፥ የኔታ፤ ወገቤን አመመኝ።»