ቀን መምረጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፦

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? መሰላል ላይ ስትወጣ ወገብህ እንደሚያስቸግርህ ባለቤትህ በስልክ ሹክ ብላኛለች። አሁን ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ "ምንም አልሆንኩም" እያልክ ትሸፍናለህ? እማማስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ብርዱን ቻለው? መንትዮቹስ አሁንም በአንድ ወንበር ይጣላሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬም አለ። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አንተ ያልጻፍኩትንም ስለምታነብብኝ መዋሸቱ ትርፉ ድካም ነው። ጋሼ፣ ግራ ገብቶኛል። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ "አይዞሽ፣ ይሄማ ቀላል ነው" ስላልከኝ፣ ነገሩን ከነሥሩ በወረቀት ላውጣው ብዬ ተነሳሁ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። አንተ በቆርቆሮ ላይ ታፔላ ትጽፋለህ፣ እኔ ሰው በኮምፒውተርና በስልክ የሚከፍተውን ድረ ገጽ እነድፋለሁ። ልዩነቱ የእኔው መነካቱ ነው፤ ሰው ሲጫነው ይከፈታል፣ ሲጎትተው ይንቀሳቀሳል። የዛሬ አምስት ወር ግድም አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ፣ ማለትም የተሰበረ እጅና የታመመ ወገብ በእንቅስቃሴ የሚታከምበት ቦታ፣ ሕመምተኞቹ ቀጠሮ የሚይዙበትን ገጽ እንድንሠራለት ለቢሯችን ሰጠን። ንድፉ ለእኔ ደረሰኝ። አለቃችንን ሚሊሜትር እንለዋለን፤ በሁለት ፊደል መካከል ያለውን ክፍተት ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ ለጥፎ የሚለካ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ የማውቀውን ሥራ ያስተማረኝም እሱ ነው።

የወሩን ቀኖች እንደ ቀለበት አድርጌ ሣልኳቸው። ሕመምተኛው አንዲት ትንሽ ነጥብ በማውስ ወይም በጣቱ ይዞ እስከሚፈልገው ቀን ድረስ በክቡ ላይ ይጎትታታል፤ ሲለቃት ቀጠሮው ተያዘ ማለት ነው። ፊደሉን ቀጭን፣ ቀለሙን አመድማ አደረግሁት። አንባቢው ፊደሉን ላጉላ ካለ ቀለበቱ ስለሚዛባ፣ ማጉላት እንዳይችል ዘጋሁበት። አሁን ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል፤ ያን ጊዜ ግን ለደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም። የደከምኩበት እኔ ነኝ፣ እኔ ባሰብኩት መልክ ይታይ አልኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሚሊሜትር ሲያየው ማስመሪያውን አስቀመጠና "በዚህ ላይ የምነካው የለኝም" አለ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከአፉ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ምስሉን በትልቁ አሳትሞ ቢሯችን መግቢያ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እኔም ጠዋት ጠዋት ስገባ ቆም ብዬ ሳላየው አላልፍም ነበር።

ገጹ ሥራ በጀመረ በወሩ የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ደወለች። ስልኩ ፋታ እንዳሳጣት፣ ሕመምተኞቹ ቀጠሮ መያዝ እንዳቃታቸው፣ አንዳንዱም ባልመረጠው ቀን እየተመዘገበ መጥቶ እንደሚጣላት ነገረችን። "ይህን የሠራው ሰው ራሱ ይምጣና አንድ ቀን አጠገቤ ይዋል" አለች። ሄድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እየሄድኩ ሳለ አጠቃቀሙን ስላላወቁ ነው፣ አስረድቼ እመለሳለሁ እያልኩ ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ጥግ ላይ ስልክ ለሌላቸው የተቀመጠ ኮምፒውተር አለ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእማማ ጥቂት ብታንስ ነው። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ጄሶው ከተፈታላት ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ነጥቧን ያዘች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ነጥቧ አምልጣት ዘጠኝ ላይ ቆመች። የፈለገችው አሥራ ዘጠኝን ነው። ደግማ ያዘች፤ ሃያ ሁለት ላይ ቆመች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠራረገችና ፊቷን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ አየች። ፊደሉ ያው ቀጭን፣ ያው አመድማ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "እጄን ለማሳከም መጀመሪያ ደህና እጅ ይዤ መምጣት ነበረብኝ እንዴ?" አለችኝ። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ አላልኩም።

የባሰው በኋላ የሰማሁት ነው። እሷ ለሕክምና ስትገባ እንግዳ ተቀባይዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ያ ቀለበት ሁለት ጊዜ ባልፈለገችው ቀን መዝግቧት፣ እሷ አስባ በመጣችበት ቀን "ዛሬ ተራሽ አይደለም" እየተባለች ተመልሳለች። እንዲህ እንዲያ ሲል ሦስት ሳምንት ሳትታከም ቀረች። ጄሶ ከተፈታ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ የደረቀ ጣት የሚፍታታባቸው ናቸው። ሐኪሟ ሁለቱ ጣቶቿ እንደ ድሮው መታጠፋቸውን እንደሚጠራጠር ነግሯታል። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ናቸው ጋሼ፤ መርፌ የምትይዝባቸው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ዓይነ ስውር የሒሳብ አስተማሪ መጡ፤ ወገባቸውን ነው የሚታከሙት። ስልካቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ ከፍጥነቱ የተነሣ እኔ አንድ ቃል አልያዝኩም፣ እሳቸው ግን አንድም አላመለጣቸውም። የእኔን ገጽ ሲከፍቱ ስልኩ "ሥዕል" አለና ዝም አለ። በቃ፣ ለእሳቸው የሦስት ወር ሥራዬ ይኸው ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ማን መሆኔን ነግራቸው ነበርና አፍሬ፣ ለእርስዎና እንደ እርስዎ ላሉ ሰዎች ቀለል ያለ ሌላ ገጽ ለብቻው እንሠራለን አልኳቸው። ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "ለብቻው የሚሠራውን አውቀዋለሁ ልጄ። ለሰሞኑ ደህና ነው፤ ከዚያ ዋናው ሲታደስ እሱ ይረሳል። የአምናውን የመክፈቻ ሰዓት አንብቦልኝ ዝግ ቤት ደጃፍ ስንቴ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ በሚገባበት አስገቢኝ። መልኩን ለሚያየው እንደፈለግሽ አሳምሪለት፣ እኔ አልከለክልሽም" አሉኝ።

ተመልሼ ለሚሊሜትር ያየሁትን ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ፤ በልብስ ሰፊዋም አዘነ። ነገር ግን "ፊደሉን እያንዳንዱ እንደፈለገ ካሳደገው፣ ቀለሙን ከለወጠው፣ ቀለበቱን ከተወው፣ አንቺ የሠራሽው ምኑ ነው? ንድፍ ማለት እኮ አንዱ በደንብ አስቦ ሲወስን ሌላው ከመወሰን የሚያርፍበት ነገር ነው" አለኝ። እውነቱን ነዋ፤ ሁሉ ነገር ክፍት የሆነበት ገጽ ውስጥ ገብቼ መውጫው የጠፋብኝ ስንት ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት ሰጠኝ፤ እንደሚመስልሽ አድርጊው አለኝ። ምን እንደሚመስለኝ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ያን ሰሞን በሐሳቤ የምትመላለሱት አንተና የፋርማሲው ባለቤት ነበራችሁ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ታፔላ ጽፈህለት "ፊደሉ አነሰ፣ ሽማግሌዎች ከማዶ አያነቡትም" ሲልህ፣ "መድኃኒቱን አንተ ታውቃለህ፣ ጽሕፈቱን እኔ አውቃለሁ" ብለህ ብሩሽህን አጥበህ ሄድክ። በማግስቱ ሰውየው ካርቶን ላይ በገዛ እጁ በከሰል "መድኃኒት ቤት" ብሎ ሞነጫጭሮ ታፔላህ ላይ ደርቦ ሰቀለበት። አንተ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውክ። እኔ ደግሞ በአንተ ኮርቼ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን ሳስበው ግን ሰዎች ካርቶኑን ከማዶ እያነበቡ መንገዱን ሲሻገሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ትክክል ነበርክ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ አንድ ቀን አዎ፣ አንድ ቀን አይደለም እላለሁ። ታፔላው ግን እውነትም ያምር ነበር።

የሆነው ሆኖ ቁጭ ብዬ ሠራሁ። ማጉላቱን ከፈትኩ፣ ፊደሉን አጠቆርኩ፣ ቀለበቱን አንሥቼ በምትኩ ቀኖቹን አንድ በአንድ በዝርዝር ደረደርኩ፤ በማውስም፣ በኪቦርድም፣ በድምፅም የሚመረጡ አደረግኋቸው። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ለሙከራ ክሊኒኩ ስወስደው ታዲያ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ ሰው ገጠመኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከተረፈ ወዲህ የቁጥር ዝርዝር ይምታታበታል። ዝርዝሩን አይቶ "ያ ክቡ የት ሄደ? እኔ እኮ በክቡ ነበር የማውቀው፤ ወሩ የቱ ጋ እንደደረሰ በዓይኔ ይታየኝ ነበር" አለኝ። ከሁሉም ሕመምተኛ ቀለበቱን የወደደው እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ለሌሎቹ ብዬ የነጠቅሁት እሱን ነው። ለአንዱ ስከፍት በሌላው ላይ የምዘጋ ከሆነ የእኔ ማወቅ ምኑ ላይ ነው?

በመጨረሻ ሁለቱንም ጎን ለጎን አኖርኳቸው፤ የፈለገ በክቡ፣ የፈለገ በዝርዝሩ። ክቡም ቢሆን ነጥቧን መጎተት ሳያስፈልግ ቀኑን በመንካት ብቻ እንዲመርጥ፣ ከመመዝገቡ በፊትም "ይህ ነው የፈለጉት ቀን?" ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ፊደሉ ሲጎላ ክቡ ከዝርዝሩ በታች ይወርዳል፤ መልኩ ያን ጊዜ ቅጥ የለውም። ሚሊሜትር ፊደሉን በእጥፍ አጉልቶ አየውና "ይሠራል። የእኛ ሥራ ግን አይመስልም" አለ። በሳምንቱ የግድግዳው ምስል ተነሣ። አልተቆጣም፣ አልወቀሰኝም፤ ምስማሩ የነበረበትን ቀዳዳ እንኳ ራሱ ደፈነው። የክሊኒኩ ስልክ ረገብ ብሏል ብላ እንግዳ ተቀባይዋ አመሰገነችኝ። አስተማሪውም ቀጠሯቸውን ራሳቸው ይዘው፣ አንድ የተሳሳተ ቃል እንዳለ አስነግረውኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አለኝም፤ ግን ያ የተነሣው ሥራዬም ያሳዝነኛል፤ በማዘኔ ደግሞ አፍራለሁ።

ልብስ ሰፊዋን ባለፈው ማክሰኞ አገኘኋት። ሁለቱ ጣቶቿ ግማሽ ድረስ ብቻ ይታጠፋሉ፤ በግራ እጇ መስፋት እየለመደች ነው። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት፤ ቀን መምረጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኳት። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ ይቅርታም ተመኝቼ ነበር፤ ሁለቱንም አላለችኝም። "ታዲያ ያን ቀን አጠገቤ ሆነሽ ለምን ዝም አልሽ? ብትነግሪኝ ኖሮ ሌላም የሚያስቸግረኝን እነግርሽ ነበር" አለች።

ቢሯችን አሁን ሌላ ሥራ ይዟል፤ ቀለም ሳልቀባው፣ ገና በእርሳስ እንደተነደፈ ያህል ሳለ መጥታ እንድትሞክርልኝ ለመንኳት። ሐሙስ ዕለት መጣች። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት፣ ማውሱን ወደ ቀኝ እጇ አስጠጋሁላት፣ ወንበር ስቤ ከጎኗ ልቀመጥ ስል "አንቺ ውጪ። እያየሽኝ ከሆነ ሳይገባኝ የገባኝ መስዬ እታያለሁ" አለችኝ። ወጥቼ መተላለፊያው ላይ ቆምኩ። የማውሱ ድምፅ ይሰማኛል፤ ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ ይላል። የቱ ጋ እንደደረሰች፣ ምን እንዳሰናከላት፣ የቱን እንደመረጠች የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ ጋሼ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን ስለ ወገብህ ሹክ ስላለችኝ እንዳትቆጣት፤ ናፍቆቴን አድርስልኝ። መንትዮቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ወንበሩን አንድ ቀን ላንዱ፣ አንድ ቀን ላንዱ አድርጉ በላቸው። ለአክስታችንም፣ ግድግዳ ለምትጋራን ጎረቤታችንም፣ ደህና ናት፣ ትጠይቃችኋለች በልልኝ። አንተን ደግሞ ፈጣሪ ከመሰላል መውደቅ ይጠብቅህ፤ የካርቶኑን ነገር በማንሣቴም አትቀየመኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ
እሑድ፣ የካቲት ፲፩ ቀን