ማኅተም የሌለው ቀንድ

አካም ጅርታ፣ ልጄ ድርቤ? የሰማይ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ነቀምቴ ዝናቡ አላባራም፤ የዲጋ መንገድ ጭቃ ሆኗል። ቦራዋ ላማችን ወልዳለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንቺ ባለሽበት ማርሴይ ላለው ሽቶ ቤት የምንልከውን የጥርኝ ዝባድ በየቀንዱ ሞልቼ አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኩ። የወንድሜን የተረፋንም ቀንድ አብሬ ይዤ ነበር። መርማሪው የእሱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣ «እናቴ፣ ይሄ ቅቤ ተቀላቅሎበታል» አለኝ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። የእኔን ግን በቆዳ አሽገው ማኅተም መቱበት፤ የመውጫ ፈቃድ ተጽፎለት በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደ።

ለተረፋ ቀንዱን ስመልስለት፣ «ድርቤ እዚያ አለች አይደል? የእናትሽ ነው ካልኳት ያለ ወረቀትም ትሸጥልኛለች» አለኝ።

«ተው ወንድሜ፣ ልጄን እዚህ ነገር ውስጥ አታግባብኝ» አልኩት። ትናንት ሚስቱ ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ ወደ እናንተ ለሚመጣ ተማሪ አስይዞ እንደላከው በጆሮዬ ነገረችኝ።

ልጄ፣ በስሜ የሚመጣው ቀንድ የእኔ አይደለም። የሽቶ ቤቱ ነጋዴ ዘንድ እንዳታደርሺው፤ ቅቤ ያለበትን ካየ የታሸገውን የእኔንም አያምንም፣ አንቺንም አያምንም። ለኤሱማሽ ለተረፋ ግን ክፉ ቃል አትጻፊ፤ አባትሽ ሲሞት ያሳደገሽ እሱ ነው። «ያለ ማኅተም አይቀበሉም» ብቻ በይው፣ እባክሽ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን ከእድፍ ይጠብቀው። ይህን ደብዳቤም ከተማሪው አስቀድሞ ያድርስልኝ።

እናትሽ ወርቂቱ