ቀና ያልሽባቸው መስመሮች

ይድረስ ለባለቤቴ ለተዋበች።

ተዋብየ፣ እንዴት ከርመሻል? ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ፣ ተዝካርሽም ወጥቶ፣ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ለመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰውዬ፣ ላንቺ አንዲት ደብዳቤ ለመጻፍ ይህን ያህል መቆየቴ ሳያስቅሽ አይቀርም። ሳቂ። እንደ ልማድሽ ነጠላሽን ወደ አፍሽ አስጠግተሽ ሳቂብኝ፤ ዛሬ አይከፋኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣራውን በአዲስ ሣር አስከደንነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። ልጃችን ሙሉ፣ ጓዳውንም እኔንም ይዛናለች፤ ምሳዬን ሳልበላ ብወጣ የምትቆጣኝ ልክ እንዳንቺ ነው። እንዝርትሽም በእሷ እጅ ገብቷል። ስለዚያ እንዝርት የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ብዕሬን ያስነሳኝም እሱ ነው።

ከፍርድ ቤት ደጅ ስመለስ ጀምበር ሳትጠልቅ በር ላይ እቀመጥና የጻፍሁትን ረቂቅ አነብልሽ ነበር። አንቺ ከውስጥ መደቡ ላይ ሆነሽ ትፈትያለሽ። አንዳንዴ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ አሳርፈሽ ወደ እኔ ቀና ትያለሽ። ያን ጊዜ ደስታዬን አልችለውም፤ ያችን መስመር አስቀራታለሁ። ቀና ሳትይ ያለፍሽውን እሰርዛለሁ። አንድ ቀን እንኳ ይህ አምሯል፣ ይህ ይቅር ብለሽኝ አታውቂም። እኔም ጠይቄሽ አላውቅም። የዜማ መምህራን ካሉበት ከቤተ ልሔም ደብር ድረስ ሄጄ ድጓ የተማርሁ ሰው፣ ጽሑፌ እንዴት ነው ብዬ ሚስቴን ልጠይቅ? ኩራቴን ታውቂዋለሽ።

አንቺ ስትሄጂ ታዲያ ብዕሬ እጄ ላይ ሞተ። የፍርድ ቤቱን ስም ከላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይመጣልኝም። ቢመጣም ደግ ይሁን ክፉ ማን ይነግረኛል? ቀለሙ ብዕሩ ጫፍ ላይ ይደርቃል። ድሮም እኔ ጸሐፊ አልነበርሁም፣ ጸሐፊዋ እሷ ነበረች ብዬ ቆረጥሁ። ባለጉዳይ ሲመጣ ዓይኔን አሞኛል እያልሁ፣ ከአደባባዩ ማዶ ወደሚቀመጠው ወጣት ጸሐፊ እሰድ ጀመር።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን አልሄድም አለች። ወዲያ ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ አባቷን አስታማ የቀበረችው ሴት ናት። ወንድሟ የአባታቸውን ርስት ጠቅልሎ ይዞባታል። ዓይኔን አሞኛል ብላት፣ «ዓይንዎን ቢያምዎ ጆሮዎ ደኅና ነው። እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይስሙ» ብላ ፊቴ ተቀመጠች። ነገሯን ጨርሳ እንጂ አልተነሳችም። ማመልከቻው በዚያ ሳምንት ካልገባ ወንድሟ ዘሩን ሊዘራ ነው፤ ከዘራ በኋላ ደግሞ ከማሳው ማን ያወጣዋል?

ቤቴ ገብቼ ብሞክር እንደተለመደው ሆነ። በመጨረሻ መላ መጣልኝ። ሙሉን ጠርቼ እንዝርትሽን ይዛ ካንቺ ቦታ እንድትቀመጥ አደረግሁ። ይህ ሰው ምን ነካው ብላ በዓይኗ ሳቀችብኝ፤ ግን ተቀመጠች። እኔም በሩ ላይ ሆኜ አነበብሁ፦ «የተገፋችው ደካማ ባሪያዎ፣ ከክቡርነትዎ ጥላ ሥር ተጠግታ፣ እንባዋን እንደ ጎርፍ እያፈሰሰች ታመለክታለች።»

ሙሉ ቀና አለች።

ተዋብየ፣ የተመለስሽልኝ መሰለኝ። ብዕሬን አንስቼ ልቀጥል ስል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አስቀድሞ እኔው እያየሁ የፍርድ ቤቱን ዘበኛ ገፍታ የገባችው ጥሩነሽ ናት ደካማዋ? ዓይኗ እርጥብ ሲል እንኳ ማን አይቷታል? መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነበር። ልጄን ምኑ ደስ አለሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«የቱ?» አለችኝ። «ክሩ ተበጥሶብኝ እኮ ነው አባየ። ጫፉን ለማግኘት ወደ በሩ ብርሃን ካላዞርሁት አይታየኝም።» ቀጥላም፣ «እማየም እንዲሁ ነበረች» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ልጅቱ እስክትደነግጥ ድረስ። ከዚያ አለቀስሁ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ርስትና የሰው ትዳር የሚቆምበትን ቃል የመረጠልኝ የተበጠሰ ክር ኖሯል! ስንቱን መልካም መስመር ለጥጥ ሰዋሁ ብዬ ተናደድሁብሽም። ሲበርድልኝ ግን ትዝ አለኝ። የወደድሁት መስመር ላይ ቀና ካላልሽ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ። አሁንም ካላልሽ ስንኩል ቃሉን ለውጬ እሰልሰዋለሁ። አንዱ ላይ ክርሽ መበጠሱ አይቀርም። ያልወደድሁትን ግን ቶሎ ብዬ አልፈው ነበር። ለካ ፈራጁ እኔው ነበርሁ፤ ፍርዴን ባንቺ አንገት ላይ እጭነው ነበር እንጂ።

ታዲያ ጭራሽ አትሰሚኝም ነበር ማለት ነው? እንዲህ ብዬ ስቆዝም ሙሉ የነገረችኝ ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። ወንዝ ስትወርዱ ማመልከቻዎቼን ለጎረቤት ሴቶች በቃልሽ ትደግሚላቸው ኖሯል። የሰረዝሁትን ሳይቀር! «እንዲህም ብለው ነበር፤ ኋላ ሰረዙት እንጂ» እያልሽ። ተዋብየ፣ እኔ ዳኛ አድርጌሽ ነበር፤ አንቺ ግን አንድም ቀን አልፈረድሽብኝም። ሁሉንም ሰማሽኝ። እኔ የጣልሁትን እንኳ አነሳሽልኝ።

ውሸቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርሁ። «አባቴ ሲታመም ያስታመምሁ እኔ ነኝ። ወንድሜ የመጣው ለቀብር ነው። የልቅሶው ሰው ሳይበተን በሬ ጠምዶ የአባቴን እርሻ ገባ።» እያልሁ እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ወረድሁ። ሙሉ ቀና ትበል አትበል አላየሁም። ለጥሩነሽ ባነብላት፣ «እንዲህ ነው ያልሁት» አለችና ቴምብሯን አስለጥፋ ገባች። ዳኛው ሽማግሌ መርጠው ርስቱን አካፈሏቸው፣ ድርሻዋንም አገኘች፤ ዘንድሮ ገብስ ተዘርቶበታል።

ባለጉዳይ እንደ ድሮው ከበበኝ፤ ያ ወጣት ጸሐፊም አንዳንዴ ረቂቁን ይዞ እየመጣ ያማክረኛል። «የሰው ብቻ ሲጽፉ ሊኖሩ ነው? የራስዎን መቼ ነው?» ያልሽኝንም አልረሳሁም። ቴምብር የማይለጠፍበት፣ ዳኛ የማያየው የመጀመሪያ ጽሑፌ ይህ ነው። ቀጥሎ የአገራችንን ሰው ነገር በመጽሐፍ ልጽፈው ነው፤ እችላለሁም። ካንቺ አባት አገር፣ ከወገዳ እጀምራለሁ።

አልረሳሽም፣ የኔ ዓለም። የጻፍሁትን ሁሉ ማታ ማታ በራችን ላይ ተቀምጬ አነብልሻለሁ፤ ቀና በይም አልልሽም። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አንድም መስመር አልሰረዝሁም። ብሰርዝስ ምን ዋጋ አለው፤ እዚያ ላሉት ጎረቤቶችሽ መንገርሽ አይቀር!