አራት ገጽ

ጥቅምት 8
ጠመኔ አልነበረም። ከጎረቤት ክፍል ለምኜ አስተማርኩ። የፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ ኮሚቴው ጋ ገብቷል። “የምርምር ውጤት” በሚለው ቦታ የጻፍኩት ያንኑ አንዱን የሒሳብ ቲዎረሜን ነው... ዘጠኝ ዓመት የፈጀብኝን፣ ስልሳ ገጹን። ሌላ ምን አለኝ?

ጥቅምት 21
አንድ የሒሳብ ጆርናል ገምግሚ ብሎ ጽሑፍ ላከልኝ። የኔው ቲዎረም ነው፣ በአዲስ ማረጋገጫ። በአራት ገጽ! ጸሐፊው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ችኩሉ፣ የድሮ ተማሪዬ።

ጥቅምት 29
አገኘሁበት! ሦስተኛው ገጽ ላይ ሊሚቱን ዝም ብሎ ኢንተግራሉ ውስጥ አስገብቶታል። ይፈቀዳል ወይ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ። ያ ካልተረጋገጠ ደግሞ ማረጋገጫው ሁሉ አይቆምም። ስንቴ ነግሬዋለሁ... “ኧረ መምህር፣ መቼም ይገባል” ይለኝ ነበር።
ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ደስታዬ ራሴን አስጠላኝ፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 2
ልብስ ሳሰጣ መጣልኝ። የጎደለው አንድ መስመር ብቻ ነው። እሱም ከራሴ ሥራ፣ ከስልሳው ገጽ መጀመሪያ። ምናለ ባይመጣልኝ!
ለባለቤቴ ነገርኩት።
“ስህተት አለው ብለሽ መልሺዋ። ውሸት ነው?”
“አይደለም።”
“ታዲያ?”
“መፍትሔውን አውቀዋለሁ።”
“ማን ጠየቀሽ?”
እውነቱን ነው።

ኅዳር 9
ላክሁት። መስመሯን ጨምሬ፣ ይታተም ብዬ። ጽድቅ ፍለጋ አይደለም። እንደሚሠራ እያወቅሁ አይሠራም ማለት አቃተኝ። እጄን በቆረጠው...

መጋቢት 14
ወጣ። ኮሪደሩ ሁሉ ስለ ችኩሉ ነው የሚያወራው። ራሱም ደወለ።
“መምህር፣ አዩልኝ?”
“አየሁ። ጎበዝ።”
“ገምጋሚው ግን እንዴት ያለ ነዝናዛ መሰለዎት! የማይረባ መስመር አስጨመረኝ።”
ገምጋሚ ስሙ አይነገርም። ስልኩን ምን ብዬ እንደዘጋሁት አላውቅም።

ሚያዝያ 3
ማዕረጉ ቀረ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ። ዓይኔን ማየት ፈርቷል።
“ምን መሰለሽ እህቴ... ኮሚቴው፣ ይኼ ውጤት እኮ አሁን በአራት ገጽ ያልቃል አለ።”
እኔ ነኝ ያስጨረስኩት ልበለው? ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ግን አለቀስኩ።

ግንቦት 17
ሦስት ሳምንት የሚፈጅብኝን ቲዎረም ዛሬ በችኩሉ መንገድ አስተማርኩ። ያምራል። ማማሩ ነው የሚያናድደው።
አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። “ድሮስ እንዴት ነበር የሚረጋገጠው?”
“በስልሳ ገጽ።”
“ውይ! ማን ነው እንደዛ የለፋው?”
ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።
ሰዓቱ ገና ግማሹ ይቀረው ነበር። የማስተምራቸው አጣሁ።