የድራማው ሐኪም አንበሳሜ የመጣ ዕለት

ሐምሌ 3

ወደ አንበሳሜ። ከደብረ ታቦር ስንነሳ ዝናብ፣ ስንደርስ ዝናብ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘው፣ ሁለት ጊዜ ገፍተን አወጣነው። ሃያ ሦስት ሕፃናት ለካን።

መንገድ ላይ ነጅሚያ ጨዋታ አመጣች። ከታዋቂ ሰዎች ማንን እንደምንወድ እንናገር፣ መዋሸት የለም አለች። የእሷ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ነው። «ስለ ድርቅ ሲያነብ እንኳ ደስ ይለኛል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። ሾፌራችን ነስሩ አንዲት ዘፋኝ ይወድ ነበር። ስታገባ የመኪናውን ሬዲዮ ሦስት ቀን ዘጋው። ያኔ ተበላሽቷል ነበር ያለን። ኃላፊያችን አቶ ምናለ «እኔ የለኝም» አሉ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ የአየር ትንበያ የምታቀርበውን ሴትዮ ጠቀሱ። «ለሥራ ነው የምከታተላት» አሉ።

የእኔ ላቀው ነው። በእሁዱ ድራማ ሐኪም ሆኖ የሚሠራው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አስራ አንዱን በሥነ ምግብ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። መርፌ አያያዙ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም...

ሐምሌ 6

እሁድ። ላቀው እጮኛውን ትዕግሥትን ጥሏት ሄደ። በድራማው ማለቴ ነው። ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ተከራከርኩለት... ከማን ጋር? ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ሐምሌ 9

አንበሳሜ። ደሳለች የምትባል እናት የዓመት ከመንፈቅ ልጇን አምጥታ ነበር። መክሊት ትባላለች። ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። በአውራ ጣቴ ተጭኜ ስለቀው ጎድጉዶ ቀረ። የምንሰጠውን የለውዝ ምግብ አፏ ላይ ሲያደርጉላት ፊቷን ታዞራለች። ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው። ሆስፒታል መተኛት አለባት።

«አልችልም» አለች ደሳለች።

ባሏ ለአረም ሥራ መተማ ወርዷል። ቤት ሁለት ልጆች አሏት። ሊጠብቁላት የሚችሉት አማቷ እማማ ሠናይት ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሆስፒታል የገባ ልጅ አይወጣም ብለዋል።

ለመንኳት። ተነስታ ሄደች። በሦስት ቀን ተመለሺ አልኳት... ትመጣ ይሆን?

ሐምሌ 11

አቶ ምናለ ሰበሰቡን። አንድ ታዋቂ ሰው ስለ ሕፃናት ምግብ መልእክት ሊቀረጽ ይመጣል። ስሙን ሲጠሩ ነጅሚያ በጠረጴዛ ሥር ረገጠችኝ። ይዤው የምዞረው እኔ ነኝ።

«ጥያቄ አለሽ?» አሉኝ።

የለኝም አልኩ። ከዚያ መጋዘን ሄጄ ትንሽ ቆምኩ። የምፈልገው ዕቃ አልነበረም።

ሐምሌ 14

ደሳለች አልመጣችም። እማማ ሠናይት ቤት ሄድኩ። ደሳለች ደጃፍ ላይ መክሊትን ታቅፋ ተቀምጣለች። የልጅቷ ፊትም ማበጥ ጀምሯል። እማማን አስረዳኋቸው፣ እያጎነበስኩ።

«አንቺ ወልደሻል?» አሉኝ።

«አልወለድኩም።»

«እንግዲያው» አሉና ወደ ጓሯቸው ገቡ። ንግግራችን ይኸው ነበር።

ሐምሌ 16

መጣ። አጭር ነው።

ነጭ ጫማ አድርጓል። ከመኪና ሲወርድ የግራው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ነስሩ አወጣለት። ከባሕር ዳር ጀምሮ ሲያስመልሰው ነበር፣ ሎሚ ይዞ ያሸታል። «ላቀው እባላለሁ» አለኝ። አውቃለሁ ማለት አልነበረብኝም። አልኩ።

ሰው ከበበው። ደሳለች መክሊትን አቅፋ በሰዉ መሐል ገፍታ መጣች። ሐኪም መስሏት ከሆነስ? ቀረብ ብዬ፣

«እህቴ፣ ተዋናይ ነው፣ ሐኪም አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ እኮ። ድራማ መሆኑን ማን ያጣዋል? አማቴ ግን ጎረቤት ቤት እየሄዱ በየሳምንቱ ያዩታል። እሱን ይሰሙታል። ይደውልላቸው።»

ስልኳን አውጥታ ሰጠችው። ላቀው ወደ እኔ ዞረ። «ምን ልበል?» አለኝ። ድምፁ በድራማው እንደምሰማው አይደለም፣ ቀጠን ይላል። ልጅቷ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትግባ፣ እሳቸው ሁለቱን ልጆች ይጠብቁ፣ ይህንን በል አልኩት። ሐኪም ነኝ እንዳትል አልኩት። ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው።

«እማማ፣ ላቀው ነኝ። ድራማው ላይ ሐኪም ሆኜ የምሠራው...»

«ትዕግሥትን ጥለህ የሄድከው?»

ደሳለችን አያት።

«ካንተ ጋር ወሬ የለኝም።» ዘጉት።

ደግሞ ደወለ። «እማማ፣ እሱ እኮ ድርሰት ነው። እኔ አልጻፍኩትም።»

«አፉስ የማን ነው?» አሉ።

ዘጉት።

ካሜራ የያዘው ልጅ ብርሃን እየሄደ ነው አለ። ላቀው መክሊትን ያያታል። እግሯን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገ። ጎድጉዶ ሲቀር እጁን ሰበሰበ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ትዕግሥትን መተው አልነበረብኝም።»

ከወዲያ ዶሮ ይሰማል።

«ምን በደለችህ?»

«ምንም።»

«ፈርተህ ነው?»

«አዎ። ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነው» አሉ። «የመጀመሪያ ልጄን እዚያው ሆስፒታል ወስጄ ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። ሠላሳ ዓመት ሆነው።»

ደሳለች ራሷ ይህን አታውቅም ነበር፣ ከፊቷ ያስታውቃል። ስልኩን ተቀበልኩት።

«እማማ፣ ስርጉት ነኝ። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። በየቀኑ እደውልልዎታለሁ።»

«ያችው ያልወለድሽው ነሽ?»

«ነኝ።»

«ልጆቹን አምጡልኝ» አሉ።

ነስሩ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። መልእክቱ ሳይቀረጽ ቀረ።

ሐምሌ 17

መክሊት ሆስፒታል ተኝታለች። ወተት በአፍንጫዋ በቱቦ ይሰጣታል። ነርሷ ዛሬና ነገ ከባድ ነው አለችኝ። ደወልኩ።

«አለች?» አሉ እማማ ሠናይት።

«አለች።»

ዘጉት።

ሐምሌ 18

«አለች?» «አለች።»

ሐምሌ 22

ከፊቷ እብጠቱ ወረደ። ኩባያውን ራሷ ያዘች፣ ግማሹን እኔ ላይ ደፋችው። ለእማማ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ አልዘጉም። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ።

ነጅሚያ ላቀው ከቅርብ ሲያዩት እንዴት ነው አለችኝ።

«ያስመልሰዋል» አልኩ።

ጥሩ ሰው ነው ማለት ነበረብኝ። ነውም። ሁለቴ ደውሎ ልጅቷን ጠይቋል። ግን ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ፈርቼ ነው» ሲል ከሰማሁት ወዲህ እንደ ወንድሜ ያሳዝነኛል። የሚያሳዝን ሰው ደግሞ እንደዚያ አይወደድም... ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ሐምሌ 29

መክሊት ወጣች። በእናቷ ጀርባ።

ነሐሴ 12

አንበሳሜ፣ የልኬት ቀን። ስንደርስ ሰልፉ ተሠርቷል። ማን እንዳሰለፋቸው ጠየቅኩ። ከፊት በርጩማ ላይ እማማ ሠናይት ተቀምጠዋል። ከመንደራቸው አምስት እናቶች ይዘው መጥተዋል። ሕፃናቱን አንድ በአንድ አይተው ሁለቱን ለብቻ አስቀምጠዋል። መረመርኳቸው። እማማ ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ተጎድተዋል።

አንደኛዋ እናት ሆስፒታል የሚለውን ቃል ስትሰማ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። እማማ ክንዷን ያዙ።

«እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት።

ነጅሚያ ድራማው ትናንት እሁድ ማለቁን ነገረችኝ። ትዕግሥት ሌላ አገባች አለች። ሦስት ሳምንት አላየሁትም ነበር፣ እሷ ስትነግረኝ ነው ያሰብኩት።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሉኝ እማማ ሠናይት። «መዝግቢ እንጂ።»

መዘገብኩ።