አባትህ የወለወላቸው ሳንጃዎች

ዞሊንገን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2019

የሆዴ ልጅ ፎልከር፤

የላክህልኝ የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፤ አሁንም አድርጌው ነው የምጽፍልህ። ኖርዌይ ዝናቡ አይለቅም ብለሃል፤ እዚህም ያው ነው። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል እንጂ እኔ ደህና ነኝ። ስለ አባትህ ግን በስልክ ልነግርህ እያልኩ ስለ አየሩ አውርቼ እዘጋለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል።

አባትህ የሚሰበስባቸውን ሳንጃዎች መቼም አልረሳሃቸውም። የድሮ ወታደር በገዛ ገንዘቡ አሠርቶ ለእሑድ ሽርሽርና ለፎቶ ይታጠቃቸው የነበሩ፣ ስለት የሌላቸው የጌጥ ሳንጃዎች። አባትህ «ጭፈራ ቤት እንጂ ጦር ሜዳ አልዘመቱም» እያለ ይስቅ ነበር። በአያያዛቸው ግን ቀልድ አያውቅም። ያለ ነጭ ጓንት አይነኩም። ዝገቱም ዕድሜው ነው፣ አይፋቅም። ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚቆጣ ሰው አይደል?

አንተ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ፣ ለልደቱ ላስደስተው ብለህ አንዱን በድስት መፈግፈጊያ ዱቄት ፈገፈግህና በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አጠፋኸው። «የነካኸው ሁሉ ይበላሻል» አለህ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ስልኩን እሱ ካነሳው ትዘጋዋለህ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ዕለት ወዳጁ ፍሪድሄልም አዲስ የገዛውን ሳንጃ ሊያሳየው መጣ። አባትህም የራሱን ሊያሳይ መሳቢያውን ሳበው። ፍሪድሄልም የፕለም ኬኩን እንደያዘ ቀረ።

«አንተ ሰው፣ ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ወለወልኳቸው። ቆሽሸው ነበር እኮ።»

ሁሉንም፣ ልጄ። አንድ አልቀረም። «ለአገልግሎት ዘመኔ መታሰቢያ» የሚለው ጽሑፍ፣ የፈረሶቹና የቅጠሉ ቅርጽ፣ ሁሉም ጠፍቷል።

«የሠርግ ቤት ማንኪያ አስመሰልካቸው» አለ ፍሪድሄልም። ሊቀልድ ፈልጎ ነው፣ ኬኩን ግን ሳይቀምሰው አስቀምጦ ነጭ ጓንቱን አጠለቀ።

አባትህ ከመሳቢያው ጥግ አንዱን አወጣ። በባዶ እጁ ነው የያዘው። አንተ የፈገፈግኸው ነው። ጥሎታል ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦት ኖሯል።

«ይቺን አይቼ ነው» አለ። «ይቺን ልጄ ነው የሠራት። አየህ እንዴት እንደምታበራ? ሌሎቹንም እንደሷ ላድርግ ብዬ ነበር፤ እንደሱ እጅ ግን አልሆነልኝም።»

«የት ነው ልጅህ?» አለው ፍሪድሄልም ቀስ ብሎ።

«ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። አሁን ይመጣል።»

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። ስወጣ ፍሪድሄልም ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከትቶ፣ ከአባትህ ጋር ሳንጃዎቹን በባዶ እጁ እያገላበጠ «ጎበዝ ልጅ ነው» ይለው ነበር።

ሐኪሙ ያለውን ሆድ ይፍጀው። ስትመጣ እነግርሃለሁ። ዳቦ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለሦስት ሰው ነው የምገዛው፤ ለሁለት ከገዛሁ ይቆጣል። ልጄ፣ የተጣላችሁበትን ረስቶታል፤ አንተን ግን ገና አልረሳህም። ከገና በፊት ና።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ባሕሩንም ጸጥ ያድርግልህ።

እናትህ ሮስቪታ

መምጣትህን ስነግረው መሳቢያውን ከፍቶ ይጠብቅሃል። ጓንት አታምጣ።