ለወይዘሮ ማርሊዝ፣ ወደ ጃንጎታንግ ከመምጣትዎ በፊት

ውድ ወይዘሮ ማርሊዝ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ባለቤትዎ ሄንድሪክ ያረፉበትን ቦታ ለማየት እንደሚመጡ ሳነብ ደስ አለኝ ብል ዋሸሁ። ፈራሁ። ቢሆንም ስለ ጉዞው የጠየቁኝን ላስቀድም።

በጥቅምት ይምጡ። በክረምት መንገዱ ይናዳል፣ አልቅቱም መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣል። ፓሮ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው ሰማዩ ሲፈቅድ ስለሆነ ለመመለሻዎ አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ይያዙ። አዲስ ጫማ ገዝተው እንዳይመጡ፤ እዚያው አገርዎ እየሄዱበት ያለማምዱት። እኛ ቃሪያን እንደ ቅመም ሳይሆን እንደ አትክልት ነው የምንበላው፤ ካልቻሉት ሳያፍሩ ይንገሩን። ከሁሉም በላይ ዳገቱን ሲወጡ አይቸኩሉ፤ ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነውና ራስዎን ካመመዎት ዕለቱኑ ይውረዱ።

ይህን የመጨረሻውን እንደ አስጎብኚነቴ ለባለቤትዎም ነግሬያቸው ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ምግብ ሲቀርብለት ወዲያው እጁን አይዘረጋም። አፉን በእጁ ሸፍኖ «ይቅር፣ ይቅር» ይላል። ጋባዡ ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ እንግዳው በሦስተኛው ይቀበላል። አንዴ ጠይቆ የሚተው ጋባዥ ይታማል። ሄንድሪክ ይህን በመጀመሪያው ቀን እናቴ ቤት ተማሩና ወደዱት። ከዚያ ወዲህ የቅቤ ሻይ በቀረበላቸው ቁጥር አፋቸውን ሸፍነው ሲግደረደሩ፣ ምግብ አብሳያችን አፕ ጋዶ (አፕ እኛ ዘንድ «አባባ» እንደማለት ነው) በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ተራራው ሥር ካለው የድንኳን ሰፈር፣ ጃንጎታንግ፣ በደረስን ማግስት ጠዋት ፊታቸው አብጦ፣ ቁርሳቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ። ራሳቸውን እንዳመማቸው ነገሩኝ። «እንውረድ?» አልኳቸው። አፋቸውን ሸፍነው፣ ፈገግ ብለው፣ «ይቅር፣ ይቅር» አሉ።

አፕ ጋዶ ሰምተው በቋንቋችን «ድገምና ጠይቀው እንጂ» አሉኝ።

«ፈረንጅ አይግደረደርም፣ አፕ። ይቅር ካለ ይቅር ነው።»

«ይኼኛውን ያስተማርከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እርስዎ ድስትዎን ያማስሉ» አልኳቸው።

የውጭ እንግዳ አንዴ እምቢ ካለ መነዝነዝ ነውር መሆኑን በሥልጠና ተምረናል፤ እውነት ነው። ግን እኔም መውረዱን አልፈለግሁትም። ከወረድን ጉዞው ሁሉ ይበላሽብኝ ነበር። መልሳቸው ስለተመቸኝ ተቀበልኩት።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ ከሰፈሩ በላይ ባለው ዳገት ላይ እግራቸው ይወላከፍ ጀመር። ፈረስ ላይ አውጥተን ቁልቁል ስንመለስ እጄን ያዙና «ሦስቴ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር» አሉኝ። አልተቆጡም። እንዲያውም ያፈሩ ይመስሉ ነበር። ሰፈሩ ሳንደርስ አረፉ።

የደረሰዎት ሪፖርት «እንዲወርዱ ተጠይቀው እምቢ አሉ» ይላል። እንዲያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፕ ጋዶ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግሩኝም። እርስዎ «ሄንድሪክ መቼም ግትር ነው» ብለው የጻፉልኝን ሳነብ ግን ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። ግትር አልነበሩም፣ ወይዘሮ ማርሊዝ። በእሳቸው አይዘኑባቸው። ይህን ደብዳቤ ለፈለጉት ያሳዩ፤ የአስጎብኚነት ፈቃዴን ቢነጥቁኝም አልከራከርም።

በሚመጡበት ቀን አየር ማረፊያው በር ላይ ስምዎ የተጻፈበት ወረቀት ይዤ እቆማለሁ። ፊቴን ማየት ካስጠላዎት ዝም ብለው ይለፉኝ። ከጎኔ ሶናም ዩደን የምትባል አስጎብኚ ትኖራለች፤ ሻንጣዎን ተቀብላ እስከ ቦታው ትወስድዎታለች። እኔ አልከተልዎትም።

ይቅርታ ለመለመን ድፍረት ያጣው
ሪንዚን ፔልዛንግ፣ ከፓሮ